በአሥራ አንድ በር የተበተነው ጋራዥ

እትዬ ሚሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳገኛቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቶርኗቸው ላይ የምትሽከረከር ብረት እየላጩ ነበር። እኔ የልኬት ጎማዬን እየገፋሁ በራቸው ላይ ደረስኩና «እንደምን አደሩ፣ ለጥናት ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ቆይ» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ቆየሁ። ብረቷ አለቀች፣ ማሽኑ ቆመ፣ በካሊፐር ለኳት። ከዚያ ዞር ብለው መጀመሪያ እኔን ሳይሆን ጎማዬን አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ይንገዳገዳል። በየዙሩ ስንት ሚሊ እንደሚሰርቅህ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ቢሮ ተመልሼ በብረት ሜትር ስፈትሸው በመቶ ሜትር አርባ ሴንቲ ይዋሻል። ቅየሳ ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መሣሪያዬን አንዲት ሴት በሁለት ሜትር ርቀት በዓይኗ ስትመረምረው ያ የመጀመሪያው ነው።

እውነተኛ ስማቸው መታወቂያቸው ላይ ብቻ ነው ያለው። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ሚሊ ይላቸዋል። ለኛ ሚሊሜትር ትንሽ ነገር ነው፤ ለእሳቸው ግን ሜዳ ነው፣ መኪና ያዞሩበታል። ሥራቸው ያለው የሚሊ መቶኛው ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የተዘጋውን ትልቁን የአውቶቡስ ጋራዥ ከተማው የፈጠራ መንደር ሊያደርገው ወስኗል። ቤተ ሙከራ፣ ለጀማሪ ፈጣሪዎች የሚከራዩ ክፍሎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሕፃናት ማቆያ፣ ሁሉም ይገባበታል። ከጋራዡ ኋላ፣ ከግንቡ ማዶ፣ አሥራ አንድ በር ያላት አንዲት ቅያስ አለች። በንድፉ ላይ ቅያሷ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ተስሎባታል። በውስጧ ካሉት የብረት ሥራ ቤቶች «የተሟላ መሣሪያ ያላቸው» በመንደሩ ምድር ቤት ቦታ ይሰጣቸዋል፤ «ያልተሟሉ» የሚባሉት ደግሞ ከከተማ ውጭ ወደተከለለው የወርክሾፖች ቀጠና ይሄዳሉ። የኔ ሥራ በየበሩ እየገባሁ ቅጽ መሙላት ነው። የበር ቁጥር፣ የሥራ ዓይነት፣ ያሉት ማሽኖች፣ የተሟላ ወይስ ያልተሟላ።

ሞላሁ። አሥራ አንዱም አንድ አንድ ማሽን ብቻ ነው ያላቸው። አሥራ አንዱም ላይ «ያልተሟላ» ብዬ ጻፍኩ።

እንግዲህ እትዬ ሚሊ ያቺ አንድ ማሽን እጃቸው ላይ እንዴት እንደገባች ልንገራችሁ፤ ይህን ያወቅኩት ቅጹን ከሞላሁ በኋላ ነው፤ ጥፋቱም እዚያው ላይ ነው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ጋራዡ ውስጥ በፅዳት ተቀጠሩ። ሥራቸው ከማሽኖቹ ሥር የሚወድቀውን የብረት ፍቅፋቂ መጥረግ ነበር። ሌላው ጠራጊ ሁሉንም አንድ ላይ አፍሶ ይጥለዋል። እሳቸው ግን በየማሽኑ የሚወድቀው የተለያየ እንደሆነ ልብ አሉ። አንዱ ማሽን ረጅም፣ ሽክርክሪት፣ ገለባ ቀለም ያለው ያወጣል። ሌላው ሰማያዊ ያወጣል። ሌላው ደግሞ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሸራረፈ። በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት መጥረጊያቸውን ይዘው የቶርኖ ክፍሉ አለቃ ዘንድ ሄዱና «ጌታዬ፣ የሦስተኛው ማሽን ጥርስ ደንዟል፣ የአምስተኛው ደግሞ እየተቃጠለ ነው» አሉ።

አለቃው ሳቁ። «መጥረጊያሽ ነው የነገረሽ?»

«የጠረግኩት ነው የነገረኝ።»

አለቃው ሄደው አዩ። ደንዟል። እየተቃጠለም ነው። በሳምንቱ እትዬ ሚሊ ሦስተኛው ማሽን ላይ ቆሙ፤ ቁመታቸው ስላልደረሰ ከሥራቸው የሳሙና ሣጥን ተደረገላቸው። እዚያው ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ቆሙ። ዛሬም አንድ ቁራጭ ፍቅፋቂ አንስተው በብርሃን ሲያዩ፣ ሐኪም የበሽተኛ ደም የሚያይ ነው የሚመስሉት።

ጋራዡ ሲዘጋ ለስንብት የሚከፈል ነገር ስላልነበረ ሠራተኞቹ በአገልግሎት ዘመናቸው ተራ አንድ አንድ ማሽን ውሰዱ ተባሉ። እትዬ ሚሊ ሦስተኛውን ቶርኖ ወሰዱ። ባለቤታቸው አውቶቡስ ነጂ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት አርፈዋል። ሴት ልጃቸው የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። የማሽኑ ክብደት አንድ ቶን ተኩል ነው። ከቧንቧ በተቆረጠ መንኮራኩር ላይ አስቀምጠው፣ አሥራ አንድ ሰው እየገፋ፣ በሁለት ቀን ግንቡን ዞረው ቅያሷ ውስጥ አስገቡት። በማግስቱ ብረት የሚጠርበውን ፍሬዛ፣ ከዚያ መጋዙን፣ ከዚያ ማጠንከሪያ ምድጃውን፣ ሁሉንም እንዲሁ እየተረዳዱ ገፉ።

ልጅቷ ያደገችው ከቶርኖው በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። ወለሉ ከማሽኑ ጋር ይንቀጠቀጣል። «ጽሑፌ የተስተካከለው እማዬ ምሳ ስትበላ ብቻ ነበር» ትላለች። አሁን ነርስ ናት። የእናቷን ሳል ሰምታ ስለምታውቅ፣ ሥራውን እንዲተዉ ስትለምን ዓመታት አልፈዋል።

ወደ ቅጹ እንመለስ። ማክሰኞ ጠዋት ለማስፈረም ተመልሼ ሄድኩ። ቅጾቹ ለፕሮጀክቱ የሚቀርቡበት ስብሰባ ሐሙስ ነበር። እትዬ ሚሊ መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አነበቡ።

«ያልተሟላ» አሉ። ቃሉን እንደ ብረት እየመዘኑ። «ማን ነው ያልተሟላው?»

«እትዬ፣ ፍሬዛ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ምድጃ?»

«የለኝም።»

«እንግዲህ…»

ከበሩ ላይ ሳቅ ተሰማ። ከጎን ያሉት በያጅ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰፈሩ ግን ጎረምሳው ነው የሚላቸው። «እቴ፣ እኔም ያልተሟላሁ ነኝ ተብያለሁ። ሚስቴ ይሄን ብትሰማ ‹እኔ ስነግርህ ነበር› ነው የምትለኝ» አሉ።

«አንተ ዝም በል» አሉ እትዬ ሚሊ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ መለካት ነው የምታውቀው፤ ጥሩ ነው። እስቲ ለካ። ይሄን ይዘህ ተከተል።»

እጄ ላይ ያስቀመጡት ጣት የሚያህል ድፍን ብረት ነው። አብሮት ባለ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ በጠመኔ ሰባት ምልክት አለ፤ ክብ፣ መስቀል፣ ሁለት ጭረት፣ እያለ ይቀጥላል። ብረቱን ያመጣው አንድ ወጣት መሐንዲስ ነው። ጋራዡ ውስጥ ቀድመው ከገቡት ተከራዮች አንዱ ሲሆን እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ ጉልበት ይሠራል። ስለዚህ ቅያሷ ውስጥ «ጉልበቱ» ነው የሚባለው። የሚሠራው ጉልበት መታጠፊያ ፒን ስለሚላላበት ከውጭ አገር አዝዞ ሰባት ሳምንት ጠብቋል። ይህን ሰው ሠራሽ ጉልበት የሚጠብቅ አንድ ፖስተኛም አለ፤ ያለ እግሩ ሥራው አይጠብቀውም።

የጎማዬን ብሎን አጥብቄ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ።

ብረቱ መጋዝ ቤት ገባ፤ ተቆረጠ። መጋዝ የሚሠራው ሰውዬ የመጀመሪያውን ምልክት በአውራ ጣቱ ደመሰሰና ለእትዬ ሚሊ መለሰው። ቶርኖ ላይ ወጣ። ከዚያ ፍሬዛ ቤት፤ ጎኑ ላይ ጠፍጣፋ ወጣለት። ከዚያ ትራፓኖ ቤት፤ ለቅባት የምትሆን መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ ተበሳ። ከዚያ ምድጃ ቤት። ባለ ምድጃዋ ሴትዮ ብረቱ የቼሪ ቀለም እስኪመስል አግላው ዘይት ውስጥ ስትነክረው የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ መሞረጃ ቤት፤ ከዚያ ኒኬል የሚነክሩት ወንድማማቾች ዘንድ። በእያንዳንዱ በር ተረካቢው ምልክቱን ያነባል፣ የራሱን ይሠራል፣ የራሱን ምልክት ያጠፋል። የቸገረው ነገር ካለ አዲስ ምልክት ይጨምርና ወደ ኋላ ይመልሳል። አንዴም ወረቀት አላየሁም። አንድም ሰው «የማን ነው?» ብሎ አልጠየቀም።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ፒኑ እትዬ ሚሊ እጅ ላይ ተመለሰ። በማይክሮሜትር ለኩት፤ ጉልበቱን ጠሩት። ልጁ ፒኑን ሰው ሠራሹ ጉልበት ውስጥ አስገብቶ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ሰባት ሳምንት ጠበቅኩ» አለ። «ከመስኮቴ እስከዚህ ድንጋይ ብወረውር ይደርሳል።»

«ለምን አልወረወርክም ታዲያ?» አሉ ጎረምሳው።

ጎማዬን አየሁት። ሰባት በር፣ መቶ አርባ ሦስት ሜትር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለምን ማንም ሁለት ማሽን እንደሌለው ስጠይቅ እትዬ ሚሊ እንደ ሞኝ አዩኝ። «ጎረቤትህ ያለውን ማሽን መግዛት ነውር ነው» አሉ። አንድ ጊዜ የጎረምሳው ልጅ ሁለተኛ ቶርኖ ሊያስገባ ብሎ ነበር። አባትየው ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው መለሱት፤ ሁለተኛ ቶርኖ ከገባ እትዬ ሚሊም ልጁም ግማሽ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ይህን ሕግ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀውታል። ጋራዡ አልተዘጋም ነበር ለካ። በአሥራ አንድ በር ተበትኖ፣ ጣሪያው ተነስቶለት፣ አለቃ ሳይኖረው፣ እስከዛሬ እየሠራ ነው። እኔ ደግሞ የጋራዡን እግር ለብቻ፣ እጁን ለብቻ መዝግቤ፣ እያንዳንዱን «ሰው አይደለም» ብዬ ጽፌያለሁ። ለሃያ ሁለት ዓመት ያቆማቸውን ነገር ነው ጉድለት ብዬ የጻፍኩት።

ረቡዕን ሙሉ ቅያሷ ውስጥ ዋልኩ። ከጠዋት እስከ ማታ የገባውን ሥራ ሁሉ ተከተልኩ፤ ሠላሳ ስምንት ዕቃ። የእያንዳንዱን መንገድ በካርታው ላይ በቀይ እርሳስ አሰመርኩ። የስፌት መኪና ጥርስ፣ የሆስፒታል አልጋ ጎማ፣ የዳቦ ቤት ማቡኪያ ዘንግ። ብዙ ካርታ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። ቀዩ መስመር በሠላሳ ስምንት ዙር ሲደራረብ ቅያሷ የሰው ልብ ከነሥሩ የተሳለባት መሰለች። ያንኑ ሠላሳ ስምንት ጉዞ በአዲሱ ቀጠና ንድፍ ላይ አስልቼ አየሁት። እዚያ ሁሉም በየአጥሩ ነው፤ ምድጃ እሳት ነው ተብሎ ጫፍ ላይ፣ ኒኬል ኬሚካል ነው ተብሎ ሌላው ጫፍ ላይ። የፒኗ መንገድ አራት ኪሎ ሜትር ሆነ።

ሐሙስ ሁለቱን ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጠንቃቃ ሴት ናቸው፤ ወዲያው የሚወስኑ ዓይነት አይደሉም። ደጋግመው አዩዋቸው። «ነገ ራሴ እወርዳለሁ» አሉ፤ ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ዓርብ ወረዱ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከበር በር ዞሩ፤ እጃቸውን ኋላ አድርገው፣ ምንም ሳይነኩ። በመጨረሻ እትዬ ሚሊ ቤት ቆሙ። ሌሎቹ ሁሉ ሥራ ትተው በሩ ላይ ተሰብስበዋል። ልጃቸውም የሆስፒታል ተራዋን ጨርሳ መጥታ እዚያው ነበረች።

«እትዬ» አሉ ኃላፊዋ፣ «ያየሁት ገርሞኛል። ግን መመሪያው መመሪያ ነው። አሥራ አንዱን ማቆየት አልችልም። እርስዎን ግን እችላለሁ። ምድር ቤት፣ ፊት ለፊት፣ በመስታወት የተከለለ ክፍል እሰጥዎታለሁ። ወጣቶቹ እያዩዎት ይማሩ። አቧራ መሳቢያ አለው፣ ወንበር አለው።»

ጎረምሳው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ከዚያ በፊት ሲያወልቁ አላየሁም።

ልጅቷ የእናቷን ክንድ ያዘች። «እማ፣ አቧራ መሳቢያ አለው እኮ። ስለ እኔ ብለሽ።»

እትዬ ሚሊ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ጣት በጣት። ወደ ኃላፊዋ አይደለም፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀያሹ፣ ከመስታወቱ ክፍል እስከ ምድጃዋ ስንት ነው?»

«ምድጃዋ ወደ ቀጠናው ትሄዳለች፣ እትዬ። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር።»

«ሰማሽ ልጄ?» አሉ ኃላፊዋን። «መስታወት ውስጥ ሆኜ ያማረ ፒን እሠራለሁ። ሰዉም ያያል። ግን ሳይጠነክር ነው የሚወጣው። በወሩ ይበላል። ያ ፖስተኛ ደረጃ ሲወርድ ይወድቃል። ያን ጊዜ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ናት የጣለችው። እኔ ብቻዬን ከሆንኩ ያልተሟላሁ ነኝ፤ ይሄ ልጅ ቅጹ ላይ የጻፈው ልክ ነው። የማልስማማው ብቻዬን መስታወቱ ውስጥ መግባቱ ላይ ነው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አቧራ መሳቢያውን እዚህ እንለምናለን፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ክንዳቸውን ለቀቀች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ቢሆንም አልተከራከረችም።

ኃላፊዋ የቅጹን ክምር ከእጄ ወስደው አገላበጡት። «መመሪያው ‹አንድ ድርጅት› ይላል እንጂ ‹አንድ በር› አይልም» አሉ፤ ለራሳቸው የሚያወሩ ነበር የሚመስለው። «አንድ ቅጽ ስጠኝ። ባዶ።»

ሰጠኋቸው። የበር ቁጥር በሚለው ላይ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ አስጻፉኝ። ማሽኖች በሚለው ላይ ሁሉንም፤ ቦታው ስላልበቃ በጀርባው ቀጠልኩ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤ ኃላፊዋን አየኋቸው። «ያየኸውን ጻፍ» አሉ። «የተሟላ» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አንዱም ፈረሙ። ጎረምሳው ሲፈርሙ «ለሚስቴ አንድ ኮፒ አውጣልኝ» አሉ።

ሁሉም ነገር በዚያ አላለቀም። ከአሥራ አንዱ በሮች አንዱ የሆነው ቀለም ቤት ለሕፃናት ማቆያው በጣም ቅርብ ስለሆነ፣ ጭሱ በልኬት ከተፈቀደው በላይ ስለተገኘ፣ ቀለም ቀቢው ሁለት መንገድ ተሻግሮ እንዲሄድ ተወሰነ። እትዬ ሚሊ ይህን ተከራክረው ተሸነፉ፤ ልኬቱን አይተው ነው ዝም ያሉት። የቀረው አሥር በር ነው። አቧራ መሳቢያው በሦስተኛው ወር መጣ። የቤት ኪራዩ ለአሥር ዓመት እንዳይነካ ተጻፈ። ከሰፈሩ ሁለት ሰው የመንደሩ ኮሚቴ አባል እንዲሆን ተደረገና አንዷ እትዬ ሚሊ ሆኑ።

በቅያሷና በመንደሩ መካከል ያለው ግንብም ለመተላለፊያ ተበሳ። ለዚህ ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ዘጠና ሴንቲ ስፋት ነበር የሰጠሁት። ግንበኛው ሊጀምር ሲል እትዬ ሚሊ ሜትር ይዘው ወጡ።

«በዚህ ሰው ብቻ ነው የሚያልፈው» አሉ። «ሥራ ግን ጋሪ ይፈልጋል። መቶ ሃያ አድርገው።»

«እትዬ፣ ወረቀቱ ዘጠና ነው የሚለው» አለ ግንበኛው።

«ወረቀቱን የጻፈው ልጅ እዚህ ቆሟል፤ እሱን ጠይቀው።»

መቶ ሃያ ሆነ። በር አልተገጠመለትም፣ ዘበኛም መታወቂያ ጠያቂም የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት ቆሜ ስቆጥር ባለ ጋሪው፣ ነጭ ጋውን የለበሰችው ተመራማሪ፣ ልጇን ከማቆያው የምትወስደው ልብስ አጣቢ፣ ሁሉም በዚያው ያልፋሉ። ጉልበቱ በቀን አራት ጊዜ ይመላለሳል። ፖስተኛው ባለፈው ወር በዚያች ቀዳዳ አልፎ መጥቶ፣ ለእትዬ ሚሊ የመብራት ሂሳብ መጠየቂያ በእጃቸው ሰጣቸው። እትዬ ሚሊ ወረቀቱን አልተመለከቱትም። ጎንበስ ብለው ሱሪውን ከፍ አደረጉና ፒኑን አዩት። «አልተበላም» አሉ።

ስለ መንደሩ የሚወራው ብዙ ነው። ጎብኚ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መስታወቱ ይደነቃል። ከየከተማው የሚመጡ ባለሙያዎች እንዴት እንደተሳካ ሲጠይቁኝ፣ አንድ ዕቃ ይዘው እንዲከተሉ ነው የምነግራቸው። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። የተከተሉት ሲመለሱ ግን አይስቁም።

እትዬ ሚሊ በኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ከሁሉ በፊት እጃቸውን አወጡ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። ግንቡ ከተበሳ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትገባለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ቶርኗቸው ላይ ታርፋለች። ብረት ሲሞቅ ያድጋል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ የሚሠሩት ሁሉ ሁለት መቶኛ ሚሊ ይወፍርባቸዋል።

«ደስ ይላል፣ አላማርርም» አሉ። «ግን መጋረጃ እፈልጋለሁ።»

ኃላፊዋ ዙሪያውን አዩ። መሐንዲሶቹ፣ የቤተ ሙከራው አለቃ፣ የማቆያዋ አስተማሪ፣ ሁሉም እትዬ ሚሊን እያዩ ነበር፤ ሁለት መቶኛ ሚሊ በፀሐይ ሲያድግ በእጁ የሚሰማውን ሰው አይተው አያውቁም።

«አጀንዳ አንድ» አሉ ኃላፊዋ። «መጋረጃ። የሚቃወም አለ?»